ያልተረጎምኩት የጋሽ ደምሴ ጥያቄ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት አብዛኞቹ በአካል የማላውቃቸው ልጆች ናቸው፤ አንዱ ከሊትልተን፣ አንዱ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ፣ ሌላው ጭራሽ ከሌላ ስቴት። የማን ዘመድ እንደሆኑ ካስረዱኝ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ። «ታደለ፣ አንተ አደን ታውቃለህ አሉ። ከሩቅ መተኮስ ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል?»

የአንዱን ስም ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን በስም ፈንታ አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ግማሾቹ መሀል ላይ «ሥራ ልገባ ነው» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት። እናንተ ብትዘጉት እንኳ አላያችሁም።

ነገሩ የሆነው የእኛ ሚሊኒየም ሊከበር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ከባለቤቴ ከሮማን ጋር ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን፤ ቀን ቀን ኤርፖርት የኪራይ መኪና አጥባለሁ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን ነበረብኝ። ፈረንጅ ፊት ስለ እኛ ነገር ማስረዳት ሲመጣ ላብ ያጠምቀኛል። የሥራ ጓደኞቼ በጾም ሥጋ ለምን እንደማልበላ ሲጠይቁኝ «ዳየት ላይ ነኝ» እላለሁ። ይህችን ያዙልኝ።

ጋሽ ደምሴ የሮማን ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ ወደዚህም አገር ያመጧት እሳቸው ናቸው። ሞንትቤሎ የሚባለው የዴንቨር ሰፈር ትንሽ ቤት አላቸው፣ ታክሲ ይነዱ ነበር፣ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው የመንገድ ሥራ መካኒክ ሆነው ባሌ ካምፕ ውስጥ ሲኖሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ድኩላ ያድኑ ነበር። ያ ፍቅር ኮሎራዶ ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ እኔንም ለከፈኝ። የአዳኝነት ኮርሱን አብረን ወስደን፣ አዳኝ ከሩቅ እንዲለይ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ አብረን ገዝተን፣ ኤልክ የሚባለውን ከአጋዘን ገዝፎ ፈረስ የሚያክል እንስሳ ፍለጋ በየጥቅምቱ ተራራ መውጣት ጀመርን።

ጋሽ ደምሴ ገና ከመጀመራችን በፊት የቤተ ክርስቲያናችንን ካህን፣ አባን፣ ሄደው ጠይቀዋል። አባም «ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው? ያመሰኳል?» ብለው አረጋገጡና «እንግዲያው ነፍሱ ሳትወጣ ባርካችሁ ካረዳችሁት ብሉ፤ ሳይታረድ ከሞተ ግን በክት ነው» አሏቸው። ለእሳቸው አደን ማለት ከዚያ በኋላ ይኼው ሆነ። ጠግተው ይተኩሳሉ፣ ሮጠው ይደርሳሉ፣ በስመ አብ ብለው ያርዳሉ። «እስትንፋሱን ካልሰማሁ ቃታ አልስብም» ይሉ ነበር። በሁለት ዓመት አንድ ኤልክ አግኝተን ሥጋውን ለግማሽ የኦሮራ ሐበሻ አከፋፍለናል።

በሦስተኛው ዓመት የቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚውሉበት ጉልበት ተራራውን እምቢ አለ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ ሳይ አንጀቴን በሉት። ያኔ ነው ብልጠቴ የመጣው። እግራቸው ካልቻለ ጥይቱ ይሂድላቸው አልኩ። ላይብረሪ ሄጄ ከኢንተርኔት ላይ ለአዳኞች ከሩቅ መተኮስ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ፈለግሁ፤ የሁለቱን ወረቀት ፕሪንት አድርጌ ሞንትቤሎ ይዤ ሄድኩ።

አንዱ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ያለ ነው። ዶሪን የምትባል የቀድሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ብቻዋን ታስተምራለች። ደወልኩላት።

«ከምን ያህል ርቀት ያስመታሉ?» አልኳት።

«እንስሳው ከወደቀ በኋላ እንዴት ልትደርሱበት አስባችኋል? ማነው የሚሄደው?» አለችኝ።

ስለ መተኮስ ስጠይቃት ስለ መሄድ ትጠይቀኛለች። የመጀመሪያው ቀን ጥይት እንደሌለ፣ እግርና ነፋስ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሦስት መቶ ያርድ በላይ ደግሞ ጀማሪ አታስተኩስም። አመስግኜ ዘጋሁ።

ሁለተኛው ከዴንቨር በስተሰሜን ነው። ስልኩን ያነሳው ብራድ የሚባል ጎልማሳ ሲሆን ድምፁ ብቻ ጎበዝ ያደርጋል። «በሦስት ቀን ውስጥ ስምንት መቶ ያርድ አስመታችኋለሁ» አለኝ። ስምንት መቶ ያርድ! ሰው ጉንዳን መስሎ የሚታይበት ርቀት እኮ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሁለቱንም ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡ። «የሴትየዋ ጥያቄ ጥሩ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ለመተኮስ ሄደን የእግር ጉዞ ልንማር ነው? እግሩን ሽሽት አይደል እንዴ የምንሄደው?»

ሳቁ። «አንተ ካልክ እሺ» አሉ። ወደ ብራድ ሄድን።

እውነቱን ለመናገር ብራድ ጥሩ አስተማሪ ነበር። ነፋስ ማንበብ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ ርቀት በመሣሪያ መለካት፣ ሁሉንም በትዕግሥት አሳየን። ሩቅ የቆመው ብረት ሲመታ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ቃታ ስበህ፣ ሁለት ጊዜ ዐይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ «ቲንግ» ይላል። ያቺን ድምፅ እንደ ሱስ ወደድኳት። በሁለተኛው ቀን አምስት መቶውን፣ በሦስተኛው ቀን ስድስት መቶውን መታሁ። ብራድ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ በሕይወቴ እንዲያ ተመስግኜ የማውቅ አልመሰለኝም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ብራድ ሁላችንንም ሰብስቦ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ፈረንጆቹ ዐሥር ይሆናሉ፤ ከእኛ እኔና ጋሽ ደምሴ። እሳቸው ክርኔን ነካ አደረጉኝ።

«ታዴ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። ይኼን ያህል ርቀን መታነው እንበል። በእኛ ሥርዓት ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰን ካላረድነው አይበላም። ከዚህ እዚያ እስክንደርስ እንዴት ነው የምናደርገው? እንዲህ ያለ ሰው አስተምሮ ያውቃል ወይ በለው።»

ሁሉም ዞረው አዩን። በጭንቅላቴ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አዘጋጀሁት። «እኛ ቢላዋ ይዘን ወደቆሰለው አውሬ እንሮጥና ጸሎት አድርገን...» ላቡ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ነገ ይሄን ምሳ ላይ ሲስቁበት ታየኝ።

«ስላስተማርከን ከልብ አመሰግናለሁ ነው የሚሉት» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ብራድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላቸው። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«ስትለማመዱት በራሱ ጊዜ ይገባችኋል አለ» አልኳቸው ዐይኔን በጨው አጥቤ።

ትንሽ አዩኝ። «እሺ» አሉ።

ሰርተፊኬቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እስከ ሞንትቤሎ እየሳቅሁ ሄድኩ።

ጥቅምት መጣ። ዓርብ ከሰዓት ዕቃችንን ስንጭን ሮማን ወደ መኪናው ወጣች። የወንድሟን የሰደርያ ዚፕ እንደ ትንሽ ልጅ ዘጋችላቸውና ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼን እንደወሰድካቸው መልስልኝ» አለች። «ምን ነካሽ፣ ዘንድሮ እኮ አንራመድም» አልኳት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከዴንቨር በስተምዕራብ ሩቅ ባለ ተራራ ጫፍ ላይ ተኝተን ሸለቆውን ማዶ እያየን ነበር። ፀሐይዋ የማዶውን ገመገም መንካት ስትጀምር ከጥዶቹ መሀል አንድ ወንድ ኤልክ ወጣ። ቀንዱ ከሩቅ ዛፍ ይመስላል። በመሣሪያው ለካሁት፤ አምስት መቶ አርባ ያርድ፣ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር።

«ሩቅ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ቀስ ብለን በዚህ በኩል እንውረድና እንጠጋው።»

«ጉልበትዎ አያስኬድዎትም። እስክንወርድ ይሄዳል።»

«ይሂዳ። ሌላ ይመጣል።»

እኔ ግን ጠመንጃውን አስተካክዬ ተኝቻለሁ። ያቺ የብረት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች። ነፋሱን አየሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ኤልኩ የፊት እግሮቹ ታጠፉ፣ ተንበረከከ፣ በጎኑ ወደቀ።

«መታሁት! ጋሼ፣ መታሁት!» ብዬ ዘለልኩ።

እሳቸው አልዘለሉም። ሩቅ ማያቸውን፣ ባይኖኩላሩን፣ ዐይናቸው ላይ አድርገው «ራሱን ያነሳል፤ ነፍሱ አለች» አሉና ተነሱ። ከቦርሳቸው ቢላዋውን አወጡ።

«ቆይ እንጂ! ግማሽ ሰዓት ጠብቁ ተብለናል!»

«በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞቶ በክት ልታበላኝ ነው? አንተ እዚህ ሆነህ ጠብቀው።»

«እኔ ልሂድ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። በሕይወቴ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም፤ ለበዓል በጉን የሚያርዱልን እሳቸው ናቸው። ደግሞም ብራድ ተኳሹ ከጠመንጃው አይለይ ብሎናል። እሳቸውም ይህንን ያውቃሉ። ባይኖኩላሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቁልቁለቱን እያነከሱ ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጠመንጃው አጉሊ መነጽር ነው ያየሁት። ስኮፕ የሚሉት ማለት ነው። ሌላ ማያ አልነበረኝም። ስኮፑ ከጠመንጃው ጋር የታሰረ ስለሆነ እሳቸውን ባየሁ ቁጥር አፈ ሙዙ እሳቸው ላይ ነው። ጥይቶቹን አወጣሁና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ደረደርኳቸው። የሚስቴን ወንድም፣ እንደ አባቷ የምታየውን ሰው፣ በማነጣጠሪያው መስቀል መሀል አድርጌ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተከተልኳቸው።

ስኮፕ ክፉ ነገር ነው። ሰውየውን አፍንጫህ ሥር ያመጣልሃል። ላባቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አያለሁ። ጉልበታቸውን ይዘው ሲቆሙ፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እጄን ብዘረጋ የምነካቸው ይመስለኛል። ቀና ስል ግን ማዶው ላይ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ ብቻ ነች። ስልኩን አወጣሁ፤ መስመር የለውም። ሁለት የእጅ ሬዲዮ እንግዛ ብለውኝ ነበር፤ «አንለያይ፣ ምን ያደርግልናል» ብዬ የመለስኩት እኔው ነኝ።

ደረሱ። ኤልኩ ቁልቁለት አፋፍ ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ራሱን ያነሳና መልሶ ይጥላል። ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። አማተቡ። ከዚያ በጀርባው በኩል ዞረው ወደ አንገቱ ጎንበስ አሉ።

እንስሳው ተነሳ።

እንዴት እንደተነሳ እስከ ዛሬ አላውቅም። የኋላ እግሮቹ አፈሩን ቧጠጡ፣ ያ ሁሉ ቀንድ በአየር ላይ ዞረ፣ ጋሽ ደምሴ ተወርውረው ወደቁ። እኔ ጮኽኩ። «ጋሼ! ይሽሹ!» ድምፄ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ቀረ። አንድ ጥይት ከድንጋዩ ላይ አንስቼ አጎረስኩ፤ አነጣጠርኩ። ቡናማው ትከሻ እዚህ ነው፣ ብርቱካናማው ሰደርያ እዚህ ነው፤ በመሀላቸው ጣት የምታህል ክፍተት ብቻ። ነፋሱ ደግሞ ተነስቷል፤ ማዶ ሣሩ ተኝቷል። ይህን የሚያህል ነፋስ በዚህ ርቀት ላይ ጥይትን ሁለት ስንዝር እንደሚወስድ ብራድ አስተምሮኛል። ሁለት ስንዝር ማለት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ከቁጥሩ ሁሉ በዚያች ደቂቃ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር መተኮስ እንደማልችል ማወቄ ብቻ ነበር።

ጣቴ ቃታው ላይ ደረቀ። ኤልኩ አንድ ጊዜ ተወዛወዘ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቁልቁለቱ ተንገዳገደ፣ እሳቸው በወደቁበት በኩል ተደፋ። አቧራ ተነሳ። አቧራው ሲገለጥ ብርቱካናማው ከወገብ በላይ ብቻ ይታያል። አይንቀሳቀስም።

የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮስኩ፤ ለእርዳታ የሚደረገው እንደዚያ ነው ብለው አስተምረውናል። ግን በአደን ወቅት ተራራው ሁሉ ይተኩሳል፤ ማን ምን ብሎ ይመጣል? አንድ ሰው እንኳ ብቅ አላለም። እንደገና በስኮፑ አየሁ። እጃቸው ተንቀሳቀሰ። ቢላዋውን እንደያዙ ወደ እንስሳው አንገት እየተንጠራሩ ነበር።

ጠመንጃውን እዚያው ጥዬ ቁልቁለቱን በመቀመጫዬም በእግሬም ወረድኩ። ሸለቆው ውስጥ ስገባ እሳቸውን ማየት አቆምኩ፤ ከሁሉ የባሰው ያ ነበር። በሕይወት አሉ እያልኩ እወጣለሁ፣ የሉም እያልኩ እወጣለሁ። ስደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀኝ እግራቸው ከጭን በታች ከእንስሳው ሥር ነው።

«መጣህ?» አሉኝ። «ደሙ አልፈሰሰም። ቀድሞኛል። በክት ነው፤ እንዳትበላው።»

አለቀስኩ። እንስሳውን በቀንዱ ጎተትኩት። በትከሻዬ ገፋሁት። ዱላ አስገብቼ ልፈነቅለው ሞከርኩ፤ ዱላው ተሰበረ። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀት በአንድ ጣት የጣልኩትን አጠገቡ ቆሜ አንድ ስንዝር ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ስገፋው እሳቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ፤ ስተወው «አይዞህ» ይሉኛል። ልብ በሉ፤ እኔን ነው አይዞህ የሚሉት።

«ሂድና ሰው ጥራ» አሉ በመጨረሻ።

«ብቻዎትን ጥዬዎት?»

«አጠገቤ ሆነህ ምን ታደርጋለህ? ሂድ እንጂ!»

ጃኬቴን ደረታቸው ላይ ደራርቤ፣ ውሃውን እጃቸው ሥር አድርጌ ሄድኩ። በስተጀርባዬ አንድም ጊዜ አልጠሩኝም። ሸለቆውን መልሼ ወጣሁ፤ ጠመንጃው ጋ ስደርስ በስኮፑ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። እንደማያዩኝ አውቃለሁ። እኔ ግን እጄን አውለበለብኩላቸው።

ስልኩ መስመር እስኪያገኝ ድረስ ያንን ጎርባጣ መንገድ እንዴት እንደነዳሁት እግዜር ይወቅ። የነፍስ አድን ሰዎች መጡ፤ ቦታውን በጣቴ አሳየኋቸው። ልከተላቸው ስል አንዷ ደረቴን በእጇ ገታ አድርጋ «አንተ እዚህ ቆይ፤ ሁለተኛ ሰው ማዳን አንችልም» አለችኝ። መኪናው ጎማ ላይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ምንም ማድረግ አለመቻል ሥራ ነው፤ ያደክማል። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ በቃሬዛ አወጧቸው። ዐይናቸው ክፍት ነበር።

ለሮማን ደወልኩ። «ጋሼስ?» አለች፤ ሰላም እንኳ አላለችኝም። «በሕይወት አሉ» ስላት ስልኩን ዘጋችው። ያንን መልስ ልሰጣት ተራራ መውጣቴን አስቤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

በማግሥቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዴንቨር ሆስፒታል ውስጥ አልጋቸው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ገብቶ እግራቸው እንደተረፈ፣ ጉልበታቸው ግን ከእንግዲህ እንደማይታጠፍ፣ ተራራ የሚባል ነገር እንዳከተመ ረጋ ብሎ አስረዳ። ከዚያ እኔን አየ፤ ተርጉምላቸው ማለቱ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

አፌን ከፈትኩ። «ቀስ በቀስ ይሻልዎታል» የምትለው ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ነበር።

እጄን ያዙኝ። «ታዴ፣ ዛሬስ እንዳለው ንገረኝ።»

ወዲያው ገባኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ዴንቨር ውስጥ ታክሲ የነዱ ሰው «አመሰግናለሁ» የሚለውን እንግሊዝኛ ከጥያቄ መለየት እንዴት ያቅታቸዋል? ያን ቀን ጭብጨባውን ሲቀበሉ ሁሉንም ሰምተውኛል።

«ያኔም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አፍረህ ነበራ። ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም። መኪና ውስጥ ልጠይቅህ አስቤ፣ ያንን ወረቀት ይዘህ ስትስቅ ሳይህ ተውኩት።» ጣሪያውን አዩ። «እኔም አፍሬ ነው እንጂ፣ በዚያችው በታክሲ እንግሊዝኛዬ ራሴ መጠየቅ አቅቶኝ ነው? ሁለታችንም ነን ያደረግነው።»

ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው። እሳቸው ሐኪሙን «ታንክ ዩ» አሉት።

አሁን እናንተን ላናግር። ጥፋቱን የብራድ ለማድረግ ብዙ ወራት ደክሜያለሁ፤ አልሆነልኝም። ሰውየው «ጥያቄ ያለው?» ብሎ ጠይቋል። ያልነገርነውን ሥርዓታችንን ከየት ያውቀዋል? የሸጠልኝ ርቀት ነው፤ ርቀቱን ደግሞ አስረክቦኛል። አንድ ሰው ከመንደራችን መጥቶ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የሚያየው ስንት ያርድ፣ ስንት ቀን፣ የምን ሰርተፊኬት የሚለውን ነው። እኔም ያየሁት እሱን ነበር። ልትጠይቁት የምታፍሩትን ጥያቄ የምታውቁት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ብሮሹሩ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ለሚደውሉልኝ ልጆች መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። «አስተማሪው ፊት ለመናገር የምታፍረው ነገር ምንድነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ያንን ዝምታ በደንብ አውቀዋለሁ።

በተከታዩ በጋ ጋሽ ደምሴ ወደ ዶሪን ውሰደኝ አሉ። ምን ያደርግልዎታል ብላቸው «ጥያቄዬ አልተመለሰማ» አሉኝ። ከዘራቸውን ይዘው ከኦሮራ ወዲያ ያለው ሜዳ ላይ ከዘጠኝ ፈረንጆች ጋር ተቀመጡ። ዶሪን ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ እጃቸውን አነሱ። በዚያችው በታክሲ እንግሊዝኛቸው፣ እየተንተባተቡ፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ በክቱ ጠየቁ። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ማስታወሻ ያዘ።

ዶሪን ብዙ አሰበች። «ከሩቅ ከሆነ አይደረስበትም» አለች። «ሕጋችሁ ይሄ ከሆነ መቶ እርምጃ ድረስ በእግራችሁ መጠጋት አለባችሁ። ያንን መሄድ የማይችል ሰው መተኮስ የለበትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ተርጉምላቸው» አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁ። እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳቸው። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርም አላስቀረኋትም።

«እንዲህ ነው እንጂ መልስ» አሉ። የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን አንድ ጊዜ መታ አደረጉት።

ተማሪዎቹ ለእግር ልምምዱ ተነሱ። እኔ ከእሳቸው ጋር ልቀር ስል በከዘራቸው ገፉኝ። «ሂድ፣ ተማር። እኔ ከዚህ ሆኜ አይሃለሁ» አሉና ባይኖኩላሩን ከአንገታቸው ላይ አነሱ። ሣሩን እየረገጥኩ ሩቅ ሄድኩ። ዘወር ስል ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ እኔ እያዩ ነበር፤ ከዚያ ርቀት ፊታቸው አይለይም። እጄን አውለበለብኩላቸው። እሳቸውም እጃቸውን አነሱ።